አኳሪየም የልጆች ብቻ አይደለም፣ አያቶችንም ይዛችኋቸው ሂዱ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ለሰመር እረፍት ልጆች የሚወሰዱባቸውን ቦታዎች ደርድራችሁ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። ዝርዝሩ ጥሩ ነው፣ ባልቲሞር ያለውን ናሽናል አኳሪየም ማስገባታችሁም ደስ ብሎኛል፣ ግን ከላይ እስከ ታች ልጆች ልጆች ነው የሚለው። እኛ ሐበሾች ቤት ከልጆቹ ሌላ ማን እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። አራስ ሊያርሱ ተብለው ከአገር ቤት የመጡ እናቶች አሉ፣ መጡ፣ ገንፎውን አገነፉ፣ ክርስትናው ተበላ፣ ሁለተኛው ተወለደ፣ የግሪን ካርዱ ጉዳይ ተጀመረ፣ ይኸው አፓርታማ ውስጥ ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ስብከት እያዩ ነው። እሁድ ቤተክርስቲያን፣ አንዳንዴ ለቅሶ፣ አለቀ። እኔ የምለው ለልጆች መውጫ ሲታሰብ እነሱም ይታሰቡ ነው፣ ከሁሉም ደግሞ አኳሪየም ይሻላል ባይ ነኝ።

እኛ የሄድነው አርብ ማታ ነው። ባለቤቴ አርብ ሺፍት ስላላት ሁለቱን ልጆችና አማቴን ጭኜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳሁ፣ ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሶስት። አርብን የመረጥኩት በዋጋው ነው፣ በሌላ ቀን የአዋቂ ትኬት ወደ 50 ዶላር ይጠጋል፣ አርብ በዚህ ሰዓት አቆጣጠር ከአምስት በኋላ ግን በግማሽ ነው፣ ትንንሾቹ ደግሞ በነፃ ይገባሉ (ብቻ ዋጋ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ዌብሳይቱን እዩ)። አማቴ ዘጌ ነው ያደጉት፣ ጣናን እያዩ፣ እና መጀመሪያ ስነግራቸው "አሳ ለማየት ብር ይከፈላል? እኔን ነው አሳ የምታሳየኝ?" ብለው ሳቁብኝ። በዛ ላይ አርብ ነው፣ እሳቸው በፆም አሳ አይበሉም፣ "ይሄን ሁሉ አሳ ሳይ ልግደፍ ነው?" እያሉ መኪና ውስጥ ሲቀልዱ ነበር።

ቦታው የተከፈተው በ1981 ነው፣ ወደቡ ላይ፣ ውሃው ውስጥ በገቡ ሁለት መድረኮች ላይ ነው የተሰራው። እንደገባችሁ ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል የምታዩት ብላክቲፕ ሪፍ የሚባለው ትልቅ ገንዳ አለ፣ 265,000 ጋሎን ውሃ ይይዛል፣ ክንፋቸው ጫፍ ላይ ጥቁር የተቀቡ የሚመስሉ ሻርኮች ይዞሩበታል። ከዛ መንገዱ በእስካሌተር ወደ ላይ ወደ ላይ ነው። እስካሌተሩ ላይ ችግር አለ፣ እናቶቻችን ብዙዎቹ እስካሌተር ይፈራሉ፣ አማቴም ነጠላቸውን ሰብስበው ቆሙና አልንቀሳቀስም አሉ፣ ሊፍት ስላለ ሰራተኛዋ ወስዳ አስገባችን፣ እና አትጨነቁ፣ ጠይቁ ብቻ። ላይኛው ፎቅ መስታወት ጣሪያ ያለው የአማዞን ዓይነት ጫካ ነው፣ ይሞቃል፣ ቀይ ወፎች ይበራሉ፣ እድለኛ የሆነ ስሎዝ የሚባለውን ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ቀርፋፋ እንስሳ ያያል፣ እኛ አላየንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤት ውስጥ ልጆቼና አያታቸው የሚያወሩት "ብላ፣ ጠጪ፣ ተው፣ ነይ ላጥብሽ" ነው፣ ከዛ አያልፍም፣ ምክንያቱም የልጆቹ አማርኛ ያጥራል የሳቸው እንግሊዝኛ ከ"ኖ" እና "ታንክዩ" አይዘልም። ልጆቹ ስለ ትምህርት ቤታቸው ሊነግሯቸው ቢሞክሩ እሳቸው ትምህርት ቤቱን አያውቁትም፣ እሳቸው ስለ ዘጌ ቢያወሩ ልጆቹ ዘጌን አያውቁትም። አኳሪየሙ ውስጥ ግን ሁለቱም ወገን እኩል አያውቅም! ሁሉም ጣቱን ይቀስራል። ልጄ ማንበብ ጀምራለች፣ አያቷ በየገንዳው "ምን ይላል? ምን ይላል?" እያሉ ሲያስጨንቋት እንግሊዝኛውን አንብባ በአማርኛ መናገር ግዴታ ሆነባት፣ ሲጠፋባት ወደኔ ዞር ትላለች፣ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ዝም እላለሁ፣ እንደምንም ብላ ትወጣዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ክላስ እየከፈልኩ እልካታለሁ፣ እዛ ይሄን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ጄሊፊሾቹ ጋ ስንደርስ "እማማ፣ ብሬን የለውም፣ ልብም የለውም" አለቻቸው። "ታዲያ በምን ያስባል?" "አያስብም።" "ታድሎ!" አሉ አማቴ፣ እና እዛ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ መብራት ስር ሲንሳፈፉ እያዩ ለረጅም ጊዜ ቆሙ፣ ትንሹ ልጅ እየጎተታቸው እንኳ አልሄዱም።

በእጅ የሚነካበትም ቦታ አለ፣ ሊቪንግ ሲሾር ይባላል፣ በሁለት ጣት ብቻ ቀስ ብሎ ነው የሚነካው፣ ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ አሳ አለ፣ ሆርስሹ ክራብ አለ። ሆርስሹ ክራብ የምትሉት የብረት ድስት ክዳን የሚመስል ጅራታም ነገር ነው፣ ደሙ ሰማያዊ ነው፣ መድሃኒት ፋብሪካዎች ክትባትና መርፌ ንፁህ መሆኑን ለመፈተሽ ይጠቀሙበታል። ይሄን ስተረጉምላቸው አማተቡ። ልጆቹ ፈርተው ወደኋላ ሲሉ መጀመሪያ እጃቸውን የከተቱት እሳቸው ናቸው፣ "አምባዛ ነው የሚመስለው፣ ያሟልጫል" አሉ ስቲንግሬዩን፣ ልጆቹ ከዛ በኋላ ነው የደፈሩት። አምባዛ ምንድነው ተብለው ተጠየቁ፣ እዛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ወሬው ተጀመረ፣ ጣና ውስጥ ስላለው አሳ፣ ስለ ታንኳው፣ ክረምት ሲገባ ነጭ አሳው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ሰው ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ ጠብቆ እንደሚይዘው። እኔም በኋላ ሳነብ ጣና ውስጥ 15 ገደማ የነጭ አሳ ዝርያ አለ፣ አብዛኞቹ ከጣና ውጪ ዓለም ላይ የትም የሉም፣ እና እንቁላል ሊጥሉ ሲወጡ መያዛቸው አንዱ የመመናመናቸው ምክንያት ነው ይላል። ልጄ "ጣና ሻርክ አለ?" አለች። "ሻርክ የለም፣ ጉማሬ አለ።" አበቃ፣ ከዛ በኋላ የጉማሬ ጥያቄ ብቻ ሆነ።

ወደ ታች ሲወረድ ሻርኮቹ ዙሪያችሁን ናቸው፣ እናንተ መሃል ላይ በተዳፋቱ ትወርዳላችሁ ገንዳው ይከባችኋል። ሳንድ ታይገር የሚባለው ጥርሱ አፉን ሲዘጋ እንኳ ውጪ ነው፣ ትንሹ ልጄ አያቱ ነጠላ ውስጥ ገብቶ በአንድ ዓይኑ ነው ያየው። የዚህ ሻርክ ግልገል ገና እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ወንድም እህቶቹን ይበላል፣ ይቺን ግን ለአማቴ አልተረጎምኩላቸውም።

ዶልፊኖቹ ጋ ደግሞ ድሮ የሚሰራው ትርኢት በ2012 ቆሟል፣ በ2016 ደግሞ ዶልፊኖቹን ውቅያኖስ ጠረፍ ላይ ወደሚሰራ መጠለያ እናዛውራለን ብለዋል። ይሄን ስነግራቸው አማቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ "እና እስካሁን ፕሮሰስ ላይ ናቸዋ፣ እንደኔ!" አጠገባችን የቆሙ ሐበሾች ነበሩ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

የማይመቸውንም ልናገር፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ይንጫጫል፣ መቀመጫው በቂ አይደለም፣ ጉልበት የሚያማቸው እናቶች ተዳፋቱ ይከብዳቸዋል፣ ዊልቸር ካስፈለገ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው። ምግቡ ውድ ነው፣ ፆም ላለበት ሰው ከፍሬንች ፍራይስ ሌላ ብዙ አይገኝም፣ እኛ ዳቦ ቆሎና ፍትፍት ይዘን ነበር፣ ሳንገባ በፊት ወደቡ ዳር ተቀምጠን በላን። ሹራብም ያዙላቸው፣ ከጫካው ክፍል ውጪ ይቀዘቅዛል። እና እባካችሁ ሁሉንም ካላየን አትበሉ፣ በየገንዳው ልጆቹን አሰልፈው ፎቶ አንስተው "ቀጥሉ ቀጥሉ" የሚሉ ወገኖቼን አይቻለሁ፣ እኛ ግማሹን እንኳ አላየንም፣ ማንም ቅር አላለውም። ትኬቱ ለከበደው ደግሞ በሁለቱ መድረኮች መሃል በ2024 የተከፈተ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ሳርና መሄጃ አለ፣ ሃርበር ዌትላንድ ይባላል፣ እሱ በነፃ ነው።

ለአዘጋጁ ያለኝ ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ የሚቀጥለውን ዝርዝር ስታወጡ በየቦታው ሊፍት አለ ወይ፣ መቀመጫ አለ ወይ፣ ለአረጋውያን ቅናሽ አለ ወይ የሚለውን ጨምሩበት። ሁለተኛ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ኮሚኒቲ ማህበሮች ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ በናንተ በኩል ይድረሳቸው፣ ለልጆች ባስ ስትከራዩ ለአያቶችም ወንበር ያዙ፣ በግሩፕ ሲኬድ ቅናሽ ይጠየቃል።

የኛዋ አሁን ቀጣዩ አንበሳ ነው እያሉ ነው። ዲሲ ያለው የስሚዝሶኒያን ዙ መግቢያው ነፃ ነው፣ ፓርኪንጉ ነው የሚያስከፍለው፣ በሜትሮ እንሄዳለን ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን እዛ ጣቢያ ያለው እስካሌተር ደግሞ ረጅም ነው፣ ሊፍቱ እየሰራ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ካለ ቢጽፍልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ