የሰልጣኝ ቁጥር ከስም ዝርዝር ይነሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ስንት ሰልጣኝ እንደተቀበሉ፣ ስንቱ ምዘና እንዳለፈ፣ ስንቱ ሥራ እንደያዘ የሚገልጹ ቁጥሮች በየሩብ ዓመቱ ወደ ላይ ይላካሉ። በእነዚህ ቁጥሮች በጀት ይያዛል፣ የመለማመጃ ብረትና ጨርቅ ይገዛል፣ አንዱ ሙያ ተከፍቶ ሌላው ይታጠፋል። በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች በሰልጣኝ ምዝገባና መረጃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ይህን የምንጽፈው ቁጥሩ ከታች ሲዘጋጅ የቱ ጋ እንደሚበላሽ ለማሳየት ነው።

የችግሩ ሥር ድምር ብቻ መላኩ ነው። የተለመደው ቅፅ በሙያ፣ በደረጃና በፆታ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ነው፤ ኮሌጁ ሳጥኑን ይሞላል፣ ከበላይ ያለው ደምሮ ያስተላልፋል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢቆጠር ከድምር ውስጥ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ደረጃ 3 ጨርሳ ወደ ደረጃ 4 ያለፈች ሰልጣኝ «ካጠናቀቁት»ም «አዲስ ከገቡት»ም ትደመራለች። የሦስት ሳምንት አጭር ስልጠና የወሰደ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከሠለጠነው እኩል አንድ ተብሎ ይያዛል፤ ያው ሰው በዓመት ውስጥ ሦስት አጫጭር ስልጠና ከወሰደ ደግሞ ሦስት ሰው ይሆናል።

የምዘና ውጤት ላይ ነገሩ ይብሳል። ለምሳሌ በአንድ የልብስ ስፌት ክፍል 40 ሰው ተመዘገበ እንበል። 10ሩ አቋረጡ፣ 30ው ስልጠናውን ጨረሱ፣ ከጨረሱት 24ቱ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ቀረቡ፣ 18ቱ ብቁ ተባሉ። በተመዘኑት ስናካፍል 75 በመቶ አለፈ፤ በጨረሱት 60፤ በተመዘገቡት 45። ሦስቱም ስሌት ስህተት የለበትም፤ ቅፁ ግን በየትኛው ይካፈል እንደሆነ ካልተናገረ እያንዳንዱ ኮሌጅ የመሰለውን ይወስዳል፣ ሁለት ኮሌጆችንም ማወዳደር አይቻልም። በመጀመሪያው ምዘና «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ በድጋሚ ያለፈውን ሰልጣኝ አንዱ እንደ ሁለት ተመዛኝ፣ ሌላው እንደ አንድ ሲቆጥረው ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ሦስቱም ምጣኔ ጎን ለጎን ቢወጣ ደስ ይለናል፤ አንዱን ምረጡ ከተባልን ግን በተመዘገቡት ማካፈልን እንመርጣለን። ደካማ የተባለውን ሰልጣኝ ከምዘና ማስቀረትም ሆነ እንዳቋረጠ መቁጠር ቁጥሩን ከፍ የማያደርገው በዚህ ስሌት ብቻ ነውና።

በአሜሪካ ማን እንደሚቆጠር በሕግ ተጽፏል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታደሰው የፐርኪንስ የሙያ ትምህርት ሕግ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙያው ተማሪ ብሎ ለውጤት መለኪያ የሚወስደው በአንድ ፕሮግራም ቢያንስ ሁለት ኮርስ ያጠናቀቀውን ነው፤ ከትምህርት በኋላ የት እንደደረሰ የሚታየውም ከወጣ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሩብ ዓመት ነው። ሕጉን እንዳለ እንቅዳ አንልም። «ሰልጣኝ»፣ «ያጠናቀቀ»፣ «ያቋረጠ»፣ «ሥራ የያዘ» የሚሉት አራት ቃላት ግን በእኛም ቅፅ ጀርባ ላይ በአንድ ገጽ ሊተረጎሙ ይገባል።

ጊዜውም አልተጣጣመም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መስከረም 30 ይዘጋል። የመደበኛ ሰልጣኝ ምዝገባ ግን የ12ኛ ክፍል ውጤትን ስለሚጠብቅ በዚያን ጊዜ ገና አልተጠናቀቀም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሪፖርት ወይ ባዶ ይሄዳል ወይ ዕቅዱ ክንውን ሆኖ ይጻፋል። ታኅሣሥ 30 ላይ ትክክለኛው ሲላክ ደግሞ ሌላ ስህተት ይጠብቀዋል። ቅፁ «የሩብ ዓመቱ ብቻ» ወይም «እስከ ዛሬ የተደመረ» ብሎ ስለማይለይ፣ እስከ ዛሬ ያለው ድምር በቀድሞው ላይ ተደርቦ ይደመራል። መፍትሔው አንድ የቆጠራ ቀን ነው። ኅዳር 30 በክፍል ውስጥ ወይም በኢንተርፕራይዝ በትብብር ስልጠና ላይ የተገኘው ሁሉ ስሙ ተይዞ ይቆጠር፤ ግንቦት 30 ያው ዝርዝር እንደገና ይታይ። በመካከል የሚጎድለው ስም ማን እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።

ስም ግን ብቻውን አያስተማምንም። «ፀሐይ» የሚለው ስም በሁለቱ ጸ/ፀ እና በስድስቱ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሲጻፍ 12 መልክ ይኖረዋል። አባቷ በአንዱ መዝገብ ገ/ሥላሴ፣ በሌላው ገብረስላሴ፣ በሦስተኛው ገብረ ሥላሴ ነው። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኮሌጆች የሚሰጡት መለያ ቁጥርም ብዙ ጊዜ አያድንም፤ ሙያና ደረጃ በቁጥሩ ውስጥ ከተከተቱ ደረጃው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራልና። ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ያለው ሰልጣኝ 12 አሃዝ መለያ ቁጥሩ ይመዝገብ። ለሌለው ከኮሌጁ ኮድ፣ ከገባበት ዓመትና ከተራ ቁጥር የተሠራ፣ እስኪመረቅ የማይለወጥ መለያ ይሰጠው።

ቁጥሩን ኤክሴል ላይ የሚጽፉ ባልደረቦች አንድ ነገር ቢያስተውሉ ብዙ ድካም ይቀራል። ሳጥኑ አስቀድሞ «ቴክስት» ካልተደረገ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር E ፊደል ገብቶበት አጥሮ ይታያል፣ የተጻፈው በካርዱ ላይ ያለው 16 አሃዝ ከሆነ የመጨረሻው አሃዝ ወደ ዜሮ ይለወጣል፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝምና። የስልኩ የፊት ዜሮም ይጠፋል። ቀኑ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለን ስንጽፍ ኤክሴል እንዲህ ያለ ቀን ስለማያውቅ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 3ን 3/13/2016 ስንል ግን፣ ኮምፒውተሩ ወርን አስቀድሞ በሚያነብበት በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ፣ ሳይናገር ማርች 13 ያደርገዋል። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ ይለያዩ፤ የዓመቱ ዓምድ ርዕስም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይበል። አለዚያ በ1998 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመት ትልቅ ሆና ትያዛለች።

በመሀል ከተማ ያለነው በተለይ የሚያሳስበን የአቋራጮች ቁጥር ነው። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የፒያሳን፣ በኋላም የካዛንቺስን ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር አዛውሯል። አራዳ የተመዘገበ ሰልጣኝ አዲሱ ቤቱ አጠገብ ወዳለ ኮሌጅ ሲዛወር በአንደኛው «አቋረጠ»፣ በሌላው «አዲስ ገባ» ይባላል። በከተማ ደረጃ ሲታይ አንድ ሰልጣኝ ጠፍቶ አንድ ሌላ የተገኘ ይመስላል፤ የሆነው ግን አድራሻ መለወጥ ብቻ ነው። በቅፁ ላይ «ተዛወረ» የሚል ሳጥን፣ ከጎኑም የተቀባዩ ኮሌጅ ኮድ ቢጨመር ይህ ይቀራል። በትብብር ስልጠናም እንዲሁ ነው። 70 በመቶው ስልጠና በኢንተርፕራይዝ ይሰጣል እየተባለ የሚላከው የተፈረመ ውል ብዛት ነው። ጋራዡ ወይም የእንጨት ሥራ ቤቱ ከአካባቢው ሲነሳ ውሉ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ልጁ ቤቱ ይቀመጣል። ሪፖርቱ ውልን ትቶ በሰልጣኙ የልምምድ መዝገብ ላይ የተፈረመውን ሰዓት ይቁጠር።

«ሥራ የያዘ» የሚለውን ኮሌጁም የወረዳው ሥራ ዕድል ፈጠራም ይልኩታል፤ አንዱ ተመራቂ በሁለቱም በኩል ይቆጠራል። ምረቃ ሰሞን በስልክ ተጠይቆ «ሥራ አግኝቻለሁ» ያለው ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይጠየቅ። በሠለጠነበት ሙያ ነው ወይስ በሌላ፣ ተቀጥሮ ነው ወይስ በግሉ፣ የሚለውም ይለይ። ለዚህ የሰልጣኙ ስልክ ብቻ አይበቃም፤ ሲም ይቀየራል። የአንድ ቤተሰብ ስልክ በምዝገባ ቀን ይወሰድ።

ስም ዝርዝር ይላክ ስንል በፍላሽና በቴሌግራም ይዘዋወር ማለታችን አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ዝርዝሩ በይለፍ ቃል በተጠበቀ ሥርዓት ውስጥ ይቀመጥ፣ ለሕዝብ የሚወጣው ድምሩ ይሁን። በአንድ ሙያ ውስጥ ሁለት አካል ጉዳተኛ ሴቶች ብቻ ካሉ ድምሩ ራሱ ማንነታቸውን ስለሚያጋልጥ ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር በዝርዝር አይውጣ።

የሚመለከተው ቢሮ የቃላቱን ትርጉም፣ የቆጠራውን ቀንና «ተዛወረ» የሚለውን ሳጥን እስከ ሰኔ ቢወስን ለመጪው ምዝገባ ይደርሳል። የተላከ ስህተት የሚታረምበት 15 ቀንም ይሰጠን። አሁን ስህተቱን ያገኘ ሬጅስትራር «ለምን ቁጥሩ ቀነሰ?» ተብሎ ስለሚጠየቅ ዝም ማለትን ይመርጣል።

ከአክብሮት ጋር
በሰልጣኝ መረጃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አራዳ፣ አዲስ አበባ