ጥፋቴን ንገረኝና ቅጣኝ

ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ጨዋታዋ እንደድሮው ነው። ስምሽን ሳታነሳ አትውልም።

ብዙ ጊዜ ተጠፋፋን። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን የምጽፍልሽ ሰሞኑን እህትሽን አግኝቻት ልትመለሺ እንደሆነ ስለነገረችኝ ነው። ደስ ብሎኝ መንገድ ላይ አቀፍኳት። መኪናሽን አስነስተሽ እንደኔ የራይድ ሥራ ልትጀምሪ አስበሻል አሉ። «ትራፊኮቹ አሁን እንዴት ናቸው በያት» ብለሽ ልከሻታል። በስልክ ልመልስልሽ አልኩና ነገሩ ብዙ ስለሆነብኝ መጻፉን መረጥኩ።

አንቺ የሄድሽው በ2011 ክረምት ነው፤ ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ የተከለከለ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ መሃል ከተማው በጣም ተለውጧል። መስቀል አደባባይ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ የምታውቂያቸው ቤቶች ፈርሰዋል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛውና የብስክሌቱ መስመር ለብቻ ሆኗል። ያምራል፣ አልዋሽሽም። ማታ እማዬን ይዣት ስዞር እሷም ወዳዋለች። ለእኛ ለሾፌሮቹ ግን መቆሚያ ጠፋ። ተሳፋሪው ስልኩን ይዞ ዳር ላይ ቆሞ «እዚህ ነኝ፣ አየሁሽ» ይልሻል፣ እሱ የቆመበት ቦታ ደግሞ መቆም ክልክል ነው፣ ትንሽ ወደፊት ሄደሽ ልትጭኚው ስትይ ሻንጣ ይዟል ወይም እናቱን ይዞ ነው፣ ከኋላሽ ያለው ክላክስ ያደርጋል፣ አንቺም ልብሽ ተሰቅሎ ዳር ትይዣለሽ። ያኔ ነው ፊሽካው የሚነፋው። አሁን የሾፌሮች ትልቁ ብሶት ይኸው ነው። የት እንቁም? ማንንም ሾፌር ጠይቂ፣ በመጀመሪያ የሚነግርሽ ይህንን ነው። መጫኛ ቦታ በየመንገዱ ምልክት ተደርጎ ቢሰጥና ከዚያ ውጭ የቆመ ቢቀጣ የሚያማርር ሰው ብዙ አይኖርም ነበር።

አንቺ የጠየቅሽው ግን ስለ ሰዎቹ ነው፣ ወደዚያው ልመለስ።

ሁለት ዓይነት ትራፊክ አለ። ሕዝቡ ደግና ክፉ እያለ ነው የሚከፍላቸው። እኔ ግን የምለያቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋትሽን ይነግርሻል ወይስ አይነግርሽም?

ባለፈው ክረምት ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ ለገሃር ስወርድ አንድ ወጣት ትራፊክ አስቆመኝ። ዝናቡ ይወርዳል፣ የዝናብ ልብሱ ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። መስኮቴ ጋ መጥቶ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ያቺን የወታደር ሰላምታ ታውቂያታለሽ። «እህቴ፣ የግራው የፍሬን መብራትሽ አይሠራም፣ ፍሬን ያዢና በመስታወት እዪኝ» አለና ወደ ኋላ ሄደ። ፍሬን ስይዝ በእጁ ያልበራውን ጎን አሳየኝ። ተመልሶ መንጃ ፈቃዴን አየ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን አየ፣ የዓመት ምርመራውን ቦሎ አየ። «ዛሬውኑ አስቀይሪው፣ በዝናብ ከኋላሽ የሚመጣው አያይሽም፣ ነገ እንደዚሁ ካገኘሁሽ እጽፍብሻለሁ» ብሎ ለቀቀኝ። ያን ቀን ቢጽፍብኝም ቅር አይለኝም ነበር። አምፖሉን ወዲያው ጎማ ቁጠባ ሄጄ አስቀየርኩ። ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ እስክትወርድ ድረስ ስታመሰግነው ነበር።

ሌላኛው ደግሞ እንዲህ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አስቆመኝ። ሰላምታ የለም። እጁን ዘርግቶ «መንጃ ፈቃድ» ብቻ አለኝ። ሰጠሁት። ዞሮ ሄደ። ምን አጠፋሁ ብዬ ስጠይቅ አልሰማኝም። በግራ እጁ የሌሎች ሾፌሮችን መንጃ ፈቃድ እንደ ካርታ ዘርግቶ ይዟል፣ የእኔንም እዚያ ውስጥ ሰካው። ከዚያ ሌላ መኪና ማስቆም ጀመረ። እኛ ወርደን ተከተልነው። አንዱ «አለቃ፣ በናትህ» ይላል፣ ሌላው ሚስቱ ሆስፒታል እንዳለች ይነግረዋል፣ የሚኒባሱ ረዳት ትከሻውን እየሰበቀ ይለማመጣል። የእኔ ተሳፋሪ መጠበቅ ሰልችቷት ጉዞውን ሰርዛ ሌላ መኪና ጠራች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እና ምን ይሻላል?» አለኝ።

ይቺን ቃል አንቺም ታስታውሻታለሽ። በዚህች ቃል መቶ ብር፣ ሁለት መቶ ብር ታጥፎ በሊብሬ ውስጥ ሲገባ ስንቴ አይተናል።

«ጥፋቴን ንገረኝና ጻፍልኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝ። መስመር ረግጠሻል አለኝ። መንገዱ አዲስ ነው፣ ያኔ ገና ቀለም አልተቀባም፣ የትኛውን መስመር እንደረገጥኩ አሳየኝ ስለው ወረቀቱን አውጥቶ ጻፈና ሰጠኝ። ከፈልኩ። አቤቱታም አስገብቻለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም። ገንዘቡ ያናድዳል፣ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ያ ሁሉ ሰው ጥፋቱን ሳያውቅ መለማመጡ ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ አጥፍተው ይሆናል። እሱ ግን ስላልነገራቸው የተማሩት ነገር የለም፤ የተማሩት ልመናና ድርድር ነው። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ያደርጋሉ።

እኔ እንደማየው ጉቦው የሚገባው ትራፊኩ ዝም ባለበት ሰዓት ነው። ጥፋቱ ከተነገረ፣ ደንቡ ከተጠቀሰ፣ የቅጣቱ ልክ ከታወቀ «ምን ይሻላል» የሚባልበት ቦታ አይኖርም። ደንብ ደግሞ ሞልቷል። በ2003 የወጣውን ደንብ ቁጥር 208 መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ተምረነዋል፤ ጥፋቱ በእርከን ተከፍሏል፣ ገንዘቡና የጥፋት ነጥቡ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ቅጣቱም ከፍ ብሏል። ሾፌሩ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይህን የማወቅ መብት አለው። ትራፊኩም ሲያስቆም መናገር ሥራው ነው፣ ውለታ አይደለም።

ሾፌሩንም ነጻ አላወጣውም። ብር አጥፎ የሚሰጠውም ወንጀል እየሠራ ነው፤ የ2007ቱ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተቀባዩንም ሰጪውንም ይቀጣል። እኛ ግን ሰጪውን «ምን ያድርግ፣ ሥራው እንዳይስተጓጎል ነው» እንለዋለን። ታክሲ ውስጥ ስትገቢ ታይዋለሽ። ሚኒባሱ ትርፍ ሰው ጭኗል፣ ረዳቱ ትራፊክ ሲያይ «ጎንበስ በሉ» ይላል፣ ተሳፋሪው በሙሉ ጎንበስ ይላል፣ ሽማግሌው ሳይቀሩ። ትራፊኩ ካስቆመው ደግሞ ያው ተሳፋሪ «ልቀቀው በቃ፣ ረፍዶብናል» ብሎ ይጮሃል። ከፊት የሚመጣው መኪናም ትራፊክ እንዳለ በመብራት ምልክት ይሰጥሻል። ሁላችንም ከትራፊኩ ለማምለጥ ተባብረናል። መኪናው ቢገለበጥ ግን የምንሞተው እኛ ነን። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ እንደሆነ ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ቁልፍ ይዞ የማያውቅ፣ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው።

ለዚህ ነው «ትራፊክ ሁሉ ሌባ ነው» ሲሉ የማልስማማው። ስድስት ኪሎ ጠዋት ጠዋት ተማሪ ሲያሻግሩ እያቸው። ፀሐዩ፣ ጭሱ፣ የሃይገሩ ክላክስ፣ የሾፌሩ ስድብ፣ ይህ ሁሉ በላያቸው ነው። ምሽት ላይ መብራት ሲጠፋ መገናኛ መንገዱ መሃል ገብታ በእጇ ብቻ መኪናውን የምታስተናብር አንዲት ትራፊክ አውቃለሁ፣ በጣም አከብራታለሁ። ከተማዋ በ2007 ገደማ ብሉምበርግ የሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚደግፈው የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ውስጥ ከገባች በኋላ የፍጥነት ራዳሩና የአልኮል መመርመሪያው መጥቷል። ማታ ሲያስቆሙኝና «ንፊ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ከእኔ ቀጥሎ የሚያስቆሙት ሰው ጠጥቶ ከሆነ አንድ እግረኛ ተረፈ ማለት ነው። ያ ፍተሻ ለሁሉም እኩል ስለሆነ የሚያማርር አትሰሚም፤ ማሽኑ የሚያሳየውን ቁጥር አንቺም ታይዋለሽ፣ እሱም ያየዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም፣ አንቺ በሩቅ ሆነሽ ተጨንቀሽ የነበረበት ጊዜ ስለሆነ። በ2014 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ መንገድ ላይ የሚጠየቀው መንጃ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። መታወቂያ ነበር፣ የእኔም የተሳፋሪውም። አንድ ምሽት አንዲት እናት ከብሔራዊ ቴአትር ጭኜ ስሄድ አስቆሙን። የቀበሌ መታወቂያዋን ከመሀረቧ ውስጥ ፈታ ስትሰጥ እጇ ሲንቀጠቀጥ በመስታወት አየሁት። ስሟን አንብበው ፊቷን ደጋግመው አዩ። አሳለፉን። እቤቷ ደጃፍ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በዚያን ሰሞን ብዙ ሰው እየታሰረ ነበር፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በወቅቱ ተናግሮ ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እጁን ሲያነሳ ብዙ ሰው ሆዱ እንደሚረበሽ አውቃለሁ፣ ጉዳዩ የፍሬን መብራት ብቻ ቢሆንም። ትራፊኮቹ ይህን ቢረዱት እላለሁ። አስቁሞ ዝም ማለት ለእነሱ ቀላል ነው፣ መኪናው ውስጥ ላለው ግን ቀላል አይደለም።

ሴት በመሆንሽ የተለየ ነገር ይገጥምሽ እንደሆነ ጠይቀሽ ነበር አሉ። ይገጥምሻል። አንዳንዱ «እናት» ብሎ በጨዋነት ይለቅሻል፣ አንዳንዱ ስልክሽን ይጠይቅሻል። ለሁለተኛው መልስሽ አጭር ይሁን፣ «ጥፋት ካለ ጻፈው» በይ፣ መስኮትሽን ከግማሽ በላይ አትክፈቺ።

አሁን የሚያስፈልግሽን ልንገርሽ። መንጃ ፈቃድሽ ጊዜው አልፏልና መጀመሪያ እሱን አሳድሺ። መኪናው የዓመት ምርመራ ገብቶ ቦሎ ይለጠፍለት፣ ሦስተኛ ወገን ይገባ። ለራይድ ሥራ ከሆነ ታርጋውን ከግል ወደ ንግድ ማዞር አለብሽ፤ በግል ታርጋ ሰው ጭነሽ ከተያዝሽ ክርክር አያዋጣሽም። እሳት ማጥፊያው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑና ሦስት ማዕዘኑ ይኑርሽ። የወረቀቶቹን ኮፒ መኪና ውስጥ አስቀምጪ። ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ተሳፋሪ ከመጫንሽ በፊት ደውለሽ መጫን የሚቻልበት ቦታ እንዲመጣ ንገሪው፤ ቅር የሚለው አለ፣ ይለምደዋል። መንገድ ዳር አቁመሽ ለአፍታ አትውረጂ፣ ስትመለሺ ታርጋሽን ትራፊክ ፈትቶት ልታገኚ ትችያለሽ። የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ሲኖር፣ የካቲት አካባቢ፣ ወደ ቦሌና ወደ አራት ኪሎ የሚወስዱት መንገዶች እየተዘጉ ስለሚከፈቱ እኔ ያን ሳምንት መሃል ከተማ አልሠራም።

ሲያስቆሙሽ ሞተሩን አጥፊ፣ እጅሽ መሪው ላይ ይሁን፣ ቀድመሽ «ጤና ይስጥልኝ» በይ። ከዚያ ጥፋትሽን ጠይቂ። በጩኸት ሳይሆን ረጋ ብለሽ። ካልነገረሽ ደግመሽ ጠይቂ። ከጻፈብሽ ተቀብለሽ አንብቢው፣ በቴሌብር ትከፍዪዋለሽ፤ ካላመንሽበት ወረቀቱን ይዘሽ አቤት በይ። ብዙ ሾፌር «ምን ያመጣልሻል» ይለኛል። ወረቀቱ እጄ ላይ ካለ ቢያንስ ምን ተብዬ እንደተቀጣሁ አውቃለሁ፣ የጻፈውም ሰው ፊርማው አለበት። ሁላችንም ጻፍልኝ ብንል ያልተነገረ ጥፋት የሚጻፍበት ቀን እየቀነሰ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ከሜትር ታክሲ ሾፌሮች ጋር ሻይ ስንጠጣ ሁልጊዜ የምንከራከርበት ነገር ነው። ጥቂቶቹ ከእኔ ጋር ናቸው፣ አንቺ ስትመጪ እንጨምራለን።

በይ የምትገቢበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ቦሌ መጥቼ እወስድሻለሁ። መኪናሽን ደግሞ ከመምጣትሽ በፊት የእኔ መካኒክ ጋ ወስጄ ባትሪውንና ጎማውን እንዲያይልሽ ቁልፉን ከእህትሽ ልቀበል? እሺ ካልሽ ለእሷ ደውይላትና ንገሪያት፣ በዚህ ሳምንት ሥራ ቀለል ይለኛል።

ወዳጅሽ