ሐምሌ 6

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የልጅ ልጅሽ ጊታር ጀምራ ቤቱን አናውጣዋለች፤ የፊት ጥርሶቿም ወልቀዋል። የዓይን ጠብታሽን በሰዓቱ እያደረግሽ ነው? ጎንበስ ብለሽ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተብለሻል፤ አንቺ ግን ባልዲ ሳታነሺ እንደማትውዪ አውቃለሁ።

እማዬ፣ ዛሬ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ነው። ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ኮንሰርት 40 ዓመት ሞላው። በ1977 በዛሬዋ ቀን ለንደን ዌምብሌይ 72 ሺህ ሰው፣ ፊላደልፊያ ላይም ሌላ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ወጥቶ፣ ለእኛ ርሃብ ተዘፈነ። ሰሞኑን የሚወራው ሁሉ ኩዊን የተባለው ባንድ ስለተጫወተበት 20 ደቂቃ ነው። ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ ያን ሁሉ ሕዝብ እኩል ሲያስጨበጭብ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ አልደብቅሽም።

ያ ለርሃቡ የተዘፈነው የገና ዘፈን ካሴት ትዝ ይልሻል? ጓደኞቼ ፊት ቴፑን ከሶኬቱ ነቅለሽ «ለቅሷችንን ዘፈን አደረጉት» አልሽና ወጣሽ። ሳምንት ሙሉ አላናገርሽኝም። እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ምክንያቱን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ያንን የገና ዘፈን ያስቀረጹት ኅዳር 16 መሆኑን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ጾመ ነቢያት በተያዘ በሁለተኛው ቀን! እነሱ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» እያሉ ሲዘፍኑ፣ አንቺ ኮረም መጠለያ ውስጥ፣ የሚቀመስ ሳይኖር፣ የጾሙን ቀን በጣትሽ ትቆጥሪ እንደነበር አክስቴ ነግራኛለች። አንቺ ሳትሆኚ እሷ።

ልጽፍልሽ የተነሳሁት ግን ለሌላ ነው። ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ላይቭ ኤይድ በተደረገበት ዕለት አንድ ዘፈኑን ትቶ የርሃቡ ፊልም እንዲታይ አድርጎ ነበር። ያንን ስፈልግ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን አገኘሁ። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ልጅ የሴት ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ሕፃን አዝላለች። ልጅቷ የግራ እግሯን ወደ ውስጥ አዙራ ነው የቆመችው። ሌሊቱን ሙሉ ስመልሰው አደርኩ።

እሷ ናት ማለቴ አይደለም። እንደዚያ የቆመ ልጅ ብዙ ሊኖር ይችላል። ግን ስሟን እንኳ ጠርተሽልኝ አታውቂም፣ እማዬ።

ምስሉን በወረቀት አሳትሜዋለሁ። ነሐሴ ላይ ስመጣ ዓይንሽ ይሻለዋል። እይው አልልሽም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይሆናል። ጠብታውን ማታ ማታም አትርሺ።

ልጅሽ