እንግዳችሁን በብርሃን ሸኙት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ መምህርት ነኝ። የምኖረው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ነው። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የሰርግ ወር እየመጣ ስለሆነ ዝም ማለት አላስቻለኝም።

ጥር ሲቃረብ የጥሪ ካርድ በየቤቱ ይገባል። አንዳንዱ ካርድ ሀዋሳ ይላል፣ አንዳንዱ ወሊሶ፣ አንዳንዱ ደብረ ብርሃን። ያን ጊዜ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚለው አንድ ነገር ነው። «ምን ችግር አለ፣ ደርሰን እንመለሳለን።» መኪና ያለው ይለመናል፣ የቤንዚን ይዋጣል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ይነገራል። ስለ መነሻው ሰዓት ሲመከር ይመሻል። የመመለሻውን ሰዓት ግን የሚያነሳ ሰው የለም። እኔ የምጽፈው ስለዚያች ሰዓት ነው።

በጥር 2015 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ሀዋሳ ላይ ተዳረች። ዕለቱ እሁድ ነበር። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ስለነበር ማደርን አላሰብኩም። እናቴን፣ ታናሽ እህቴንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን በቪትዜ ይዤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ።

መሄዱ ደስ ይል ነበር። ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። እስከ ሞጆ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ሄድን። ከሞጆ እስከ ባቱ ደግሞ በ2014 በተመረቀው አዲሱ መንገድ። እናቴ ዝዋይ ነው የምትለው እንጂ ባቱ ማለት አልለመደባትም። ሐይቁን ስታይ ልጄን ቀስቅሳ አሳየችው። ያን ጊዜ ሰፊው መንገድ እዚያ ያበቃ ነበር። ከዚያ በአሮጌው አስፋልት አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን፣ የላንጋኖን መታጠፊያ፣ አርሲ ነጌሌን አለፍን። ሻሸመኔን በባጃጅና በጋሪ መሀል እየተንፏቀቅን አለፍናት። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሀዋሳ ገባን። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በአምስት ሰዓት ማለት ነው፣ መንገድ ላይ የጠጣነውን ቡና ጨምሮ።

ካርዱ ላይ ምሳ 6 ሰዓት ይላል። ሙሽሮቹ ለፎቶ ሐይቁ ዳር ሄደው አዳራሽ የገቡት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሙሽራ ሳይገባ ደግሞ ምግብ አይነሳም። በልተን 9 ሰዓት ከሩብ ላይ «እንግዲህ እኛ እንሂድ» ስንል አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። «ኬኩ ሳይቆረስ? በመድኃኔዓለም ይዣችኋለሁ!» ኬኩ ተቆረሰ። ከዚያ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ለመንገድ የሚሆን ይቋጠርላቸው ተባለና ዕቃ ተፈለገ። አክስቴን አልወቅሳትም። ስለምትወደን ነው። እኛም ቤት እንግዳ ሲመጣ የምናደርገው ይህንኑ ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር አስነሳሁ።

አርሲ ነጌሌን ስናልፍ ፀሐይዋ በግራዬ እያዘቀዘቀች ነበር። ላንጋኖ ላይ መብራት አበራሁ። ቡልቡላ ልንደርስ ስንል ጨለመ። ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራት ነው። እኔ ዝቅ ሳደርግ ዝቅ የሚያደርግልኝ የለም። አንድ አይሱዙ ዓይኔን አጭበርብሮት አለፈ። ዓይኔ ሲመለስ ከፊቴ ድንጋይ ተደርድሯል።

በአገራችን መኪና የነዳ ሰው ይህን ድንጋይ ያውቀዋል። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ቆርጦ ያኖራል። ከኋላ ለሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ደግ ሥራ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩን የሚያነሳው የለም። ቅጠሉን ንፋስ ይወስደዋል። ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ያድራል።

መሪውን ወደ ቀኝ ሳብኩት። የፊት ግራ ጎማዬ ድንጋዩ ላይ ወጣ። የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። መኪናዋ ተንሸራትታ ከአስፋልቱ ወጣችና ጠጠሩ ላይ ቆመች። ወዲያው አንድ ተሳቢ ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገባችን አለፈ፤ ቪትዟ እንደ ወረቀት ተንቀጠቀጠች። እናቴ «እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ ማርያም» ትላለች። ልጄ አላለቀሰም። እጄን ብቻ ያዘኝ። እጁ በረዶ ሆኖ ነበር።

ጎማው ፈንድቷል፣ ቸርኬው ተጣሟል። ትርፍ ጎማውን ለማውጣት የሰርግ ቋጠሮውን ሁሉ ከኋላ ዕቃ መጫኛው አውርደን መሬት ላይ ዘረገፍነው። ትርፍ ጎማው አየር የለውም። ለስንት ጊዜ እንዳላየሁት ማስታወስ አልቻልኩም። ከቤት ስወጣ የሞተር ዘይት አይቻለሁ፣ ውኃ አይቻለሁ፣ እሱን ግን አላየሁም።

ከመንገዱ ማዶ ከብት ያስገቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባትሪ ይዘው መጡ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ በአማርኛ። ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ ተነጋገሩና ልጁ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ። እሳቸው ግን ወደ እኛ ከመጠጋታቸው በፊት ያደረጉትን አልረሳም። ዱላቸውን አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየገፉ ከአስፋልቱ አወረዷቸው። «ከቀትር ጀምሮ መኪና ቆሞ ነበር። ሲሄድ አላየሁትም እንጂ ቀድሜ አነሳው ነበር» አሉ። ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል ነበር። ጎማው በባጃጅ ጎሚስታ ጋ ሄዶ እስኪመለስ ከእኛ ጋር ቆዩ። ያን ዕለት ባቱ አደርን። ሰኞ ክፍለ ጊዜዬን ሌላ መምህር ያዘልኝ። ከአንድ ቀን በፊት የማይቻል መስሎኝ የነበረው ማደር በአንድ ስልክ ጥሪ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። ሥራዬ ነውና ተማሪዎቼም ሠርተውታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም ሌላ 36 ሜትር ያስፈልገዋል። በድምሩ ወደ 58 ሜትር ነው። አጭር መብራት ደግሞ አጥርቶ የሚያሳየው 40 ሜትር፣ ቢበዛ 50 ቢሆን ነው። እንግዲህ በ80 እየሄደ በአጭር መብራት ድንጋይ ያየ ሰው፣ ሲያየው አልፎበታል። አህያም ቢሆን ያው ነው፣ መብራት የሌለው ጋሪም፣ ከገበያ የሚመለስ ሰውም። በ50 ቢሄድ ግን 28 ሜትር ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው ቀን አምስት ሰዓት የፈጀ መንገድ ማታም አምስት ሰዓት መፍጀት የሌለበት። የሚፈጅ ከሆነ አንድ ሰው ሳያይ እየነዳ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰፊው መንገድ ላይ አንድ ሰዓት በፍጥነት የሄደ ሰው ጠባቡ ላይ ሲወጣ እግሩ ፍጥነቱን ለምዶታል። በ80 መሄድ የእግር ጉዞ ያህል ቀርፋፋ ይመስለዋል። ጠዋት እኔም ባቱ ላይ ስወርድ ይህ ደርሶብኛል። ደግነቱ ቀን ነበር።

አገራችን ለዚህ ሂሳብ ታመቻለች። ክረምት ከበጋ ቀኑ የሚረዝመው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ብርሃን ከ12 እስከ 12 ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ስለዚህ ደርሶ መልስ የሚያስብ ሰው ከማታው 12 ሰዓት ወደኋላ ይቁጠር። ሀዋሳ አምስት ሰዓት ከሆነ፣ ከሀዋሳ መውጫው 7 ሰዓት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሱ ያላቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለአንድ ሰርግ ሁለት ሰዓት ተኩል ካነሰ፣ ያ ጉዞ ደርሶ መልስ አይደለም፤ አልጋ ይያዝ። ኅዳር ላይ ሆኖ የታኅሣሥ 19ን የሀዋሳ ገብርኤል ለሚያስብ ምዕመንም ቁጥሩ ይኸው ነው፤ እንዲያውም በዚያን ቀን መንገዱ ስለሚጨናነቅ አምስቱ ሰዓት አይበቃም።

የትርፍ ጎማን አየር ማየት፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ዘመድ ካለ ደውሎ መንገዱን መጠየቅ፣ ይህን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። የስልክ ባትሪን ግን ልጨምር። ነዳጅ በቴሌብር ከሆነ ወዲህ ስልኩ የሞተበት ሰው ማደያ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ሰርግ ሲቀረጽበት የዋለ ስልክ ማታ ምን እንደሚቀረው የታወቀ ነው።

ዋናው ልመናዬ ግን ለደጋሾች ነው። መንገደኛው ብቻውን አይችለውም። 7 ሰዓት ላይ ልነሳ ቢል እናንተ በሩ ላይ ትቆማላችሁ። በማርያም ትሉታላችሁ፣ በልጆቹ ትለምኑታላችሁ። እሱም እናንተን አሳዝኖ ከሚሄድ ጨለማውን ይመርጣል። እባካችሁ ምሳ 6 ሰዓት ካላችሁ 6 ሰዓት ይሁን። ሙሽሮቹ ከዘገዩ የሩቁ እንግዳ ቀድሞ ይብላ፤ ነውር የለውም። ፎቶውን ከእሱ ጋር አስቀድማችሁ ተነሱ። ለመንገድ የሚቋጠረው ከጠዋት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። «ሹፌር ነኝ» ላለ ሰው ደግሞ «ይቺን ብቻ» እያላችሁ ብርሌ አትዘርጉለት። አንድ ጊዜ እንቢ ካለ በቃ።

ለቅሶ ላይም ይህንኑ አያለሁ። ሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር በዕድር ቅጥቅጥ ተኮናትረን እንሄዳለን። ሹፌሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ ነው። ቀኑን ድንኳኑ አጠገብ ፀሐይ ላይ ይውላል። ማታ ሃያ ምናምን ሰው ጭኖ የሚመልሰን ያው ሰው ነው። እንቅልፍ አግኝተህ እንደሆነ ብሎ የጠየቀው ሰው አይቼ አላውቅም። ባለፈው ዓመት እኔ ጠየቅሁት። ደነገጠ። ከዚያ «ወንበር ላይ ትንሽ ብጋደም ደስ ይለኛል» አለኝ። የለቅሶ ቤቱ ሰዎች ከጎረቤት ፍራሽ አምጥተውለት ሁለት ሰዓት ተኛ። እኛም ጠበቅነው፤ ነገር ግን ስንነሳ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። የሄድነው ወሊሶ ስለነበር በብርሃን ገባን። ሀዋሳ ቢሆን ኖሮ ማደር ነበረብን።

ዘንድሮ ጥር ላይ ደጋሾቹ እኛ ነን። ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። ድግሱ አዲስ አበባ ነው፤ አክስቴና ቤተሰቧ ከሀዋሳ ይመጣሉ። በስልክ «ደርሰን እንመለሳለን» አለችኝ። ሂሳቡን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲያው ምሳውን በጊዜ አድርጉልን» አለች። ምሳውን 5 ሰዓት አድርገነዋል። ሙሽሮቹ ፎቷቸውን ከምሳ በኋላ ይነሳሉ። እህቴ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ ያን ምሽት ግን እሷም መኪናው ውስጥ ነበረችና ብዙ አልተከራከረችም። ካርዱ ከማተሚያ ቤት ወጥቷል። ከታች በኩል በትንሽ ፊደል «ከክፍለ ሀገር የመጡ እንግዶቻችንን 7 ሰዓት ላይ እንሸኛለን» ይላል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በማግስቱ መርካቶ ሄዳ ለመንገድ መቋጠሪያ የሚሆን ሠላሳ ምሳ ዕቃ ገዝታ መጣች።

አንዲት የሂሳብ መምህርት
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ