ሽርሽር ነው ላሉት ጸሐፊ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን በዚሁ ዓምድ ላይ አንድ አንባቢ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪ ይዘው ውጭ አገር የሚሄዱት አበል ለመልቀም እንደ ሆነ፣ ተማሪውም ፎቶ ተነሥቶ ከመመለስ በቀር የሚያተርፈው እንደሌለ ጽፈው አነበብሁ። እኔ ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ 14 ተማሪዎች ይዤ ኬንያ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው ኪሱሙ ድረስ ሄጄ መጥቻለሁ። ስለዚህ ዱላው እኔም ጀርባ ላይ አርፏል። ቢሆንም ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ብዙ ነው።

ፎቶውን በተመለከተ ልክ ናቸው። ናንዩኪ አጠገብ፣ የምድር ወገብ መስመር መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ወርደን ሁላችንም በተራ ተነሥተናል። እዚያ አንድ ጎልማሳ ከሥሩ የተበሳ ሳህንና የክብሪት እንጨት ይዞ መንገደኛ ይጠብቃል። ጥቂት እርምጃ ወደ ሰሜን ሄዶ ውሃውን ሲያንጠፈጥፍ እንጨቷ ወደ አንድ ወገን ትዞራለች። ወደ ደቡብ ተሻግሮ ሲያንጠፈጥፍ ወደ ሌላው፤ መስመሩ ላይ ሲቆም ደግሞ ጸጥ ትላለች። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ፣ ሽልንግም አዋጡለት። እንጀራው ነውና እፊቱ ምንም አልተናገርሁም። አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን «ያ ሳህን ውሃ የምድርን መዞር የሚሰማው ይመስላችኋል?» አልኋቸው። የምድር መሽከርከር ነፋስንና የውቅያኖስን ጅረት ያጠማዝዛል እንጂ ለአንድ ሳህን ውሃ የሚደርሰው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። እንጨቷን ያዞራት ሰውየው ሳህኑን ሲሞላና ሲዞር የሰጣት ግፊት ነው። ከዚያ እስከ ናይሮቢ ክርክር ሆነ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ነገሩን ሰውየው ሳይነካው እንዴት እንደሚያጣራ በመስክ ደብተሩ ሲነድፍ አየሁት። ጸሐፊው ይህንንም ሽርሽር ካሉት፣ ይበሉት።

ሐሳቡ ሲጀመር ኪሱሙ አልነበረም፤ ካርቱም ነበር። ሰከላ ላይ ከመሬት ሲፈልቅ የሚታየውን የዓባይን ውሃ ነጭ ዓባይን እስከሚገናኝበት እስከ አል ሞግራን ልንከተለው ነበር የተነሣነው። ኮርሱ ጸደቀ፤ እዚያ የሚቀበለን መምህርም ተገኘ። ሚያዝያ 7 ቀን፣ ቅዳሜ ስዑር፣ ባለቤቴ ዶሮ ስትበልት እኔ ስልኬን ከፈትሁ፤ ካርቱም ውስጥ ውጊያ ተጀምሯል። የሰውየው ስልክ ለብዙ ቀን አልነሣ አለ። በኋላ ቤተሰቡን ይዞ እንደ ወጣ ሰማሁ። ስለ ኮርሱ ከዚያ በኋላ አላነሣሁበትም።

ኪሱሙን የመረጥሁት በእምቦጭ ምክንያት ነው። ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያስጨነቀው አረም ቪክቶሪያን የያዘው ከእኛ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። እነሱ ያዩትን እኛ ገና እናያለን ብዬ አሰብሁ። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አለመጠየቁም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ምክንያት ነበር።

ጸሐፊው ይህን ሥራ ቀላል አድርገው ስላዩት አንድ ነገር ልንገራቸው። ኬንያ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ቢጫ ካርድ ይባላል። መኪና ድንበር ሲሻገር ደግሞ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) መድን ያስፈልገዋል፤ እሱም ቢጫ ካርድ ይባላል። እኔ ስምሪት ክፍል ደውዬ «ቢጫ ካርዱ አልቋል?» ስላቸው «አልቋል፣ ዶክተር» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። ለካ አውቶቡሱ ተከትቧል፤ ልጆቹ አልተከተቡም። ክትባቱ ከተወሰደ ዐሥር ቀን ሳይሞላ ደግሞ ካርዱ አይሠራም። በዚህ ሰበብ ጉዞው ከግንቦት ወደ ሰኔ ተገፋ። ከዚያ ወዲያ እንዳልገፋው ሐምሌ ላይ ግቢው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይለቀቃል። የተከተበው አውቶቡስም ቢሆን ሞያሌ ላይ ቀረ። ሾፌራችን በኬንያ መንገድ በግራ በኩል እንደሚነዳ ሲሰሙ «ልጆቼን ማን ሊያሳድግልኝ?» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲያ በኪራይ ሄድን።

ሰኔ ደግሞ ጾም ነው። ቀኑን ስገፋ ይህን አልቆጠርሁም። 14 ልጆች፣ አብዛኞቹ የሐዋርያትን ጾም የያዙ፣ ዓሣ ዋና ምግብ ወደ ሆነበት ሐይቅ ዳር ልወስድ ነው። ያዳነን ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ነው፤ የበቆሎ ገንፎና በዘይት የተጠበሰ ጎመን ማለት ነው። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቷን ግፋት» እንደ ማለት መሆኑን ሲሰሙ ልጆቹ ወደዱት። ከቤት የያዙት በሶ ናይሮቢ ሳንደርስ አልቆ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግትም ኪሱሙ ድረስ ተከትሎን መጣ፤ እኔ ዳኛ አልሆንም ብዬ አመለጥሁ።

አሁን ወደ አበሉ። ለመምህር የውጭ አገር ውሎ አበል የሚባል የበጀት ርዕስ አለ። ለተማሪ የለም። የፋይናንስ ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ «ዶክተር፣ ተማሪ ውጭ አገር ሄዶ ይማራል ተብሎ ታስቦ አያውቅማ፤ በምን ኮድ ላውጣው?» አለኝ። ጸሐፊው የሚያነሡት ሐሜት የሚወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወረቀቱ የሚያውቀው የመምህሩን ሆድ ብቻ ነው። የልጆቹን ወጪ ከአንድ የምርምር ፕሮጀክት በተረፈ ገንዘብ ሸፈንሁት። አበሌን ተቀብያለሁ። ግማሹ ለልጆቹ መኝታ ሄደ፤ ግማሹ ቤቴ ጣራ ላይ ቆርቆሮ ሆኖ ይታያል፤ አልደብቅም።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ከመነሣታችን በፊት ለአገር ቤቱ ክፍል የሰጠሁት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከጥልሊ ተገንጥለን ሰከላ ወጣን፤ በባዶ ሆዳችን ግሽ ዓባይ ጸበሉ ዘንድ ደረስን። «ከዚህ በፊት ያየ?» ስል ከ14ቱ ሦስት እጅ ወጣ። አብዛኞቹ የጎጃም ልጆች ናቸው እኮ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ መድረሳቸውን ሁሉም ለፈተና አጥንተውታል። እነሱ ግን አልደረሱም። ጣናንም ያዩት ከድልድይና ከመዝናኛ ነው። ይህን አይቼ ጉዞውን ማዘግየት ነበረብኝ። ቀኑ አለቀብኝና ሄድን።

ውጤቱን ዱንጋ ላይ አገኘሁት። ዱንጋ ኪሱሙ ዳር ያለ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚያስጠጉበት ቦታ ነው። በሁለተኛው ቀን መርሐ ግብሬ «የጀልባ ላይ ምልከታ» ይላል። ሌሊት ነፋሱ እምቦጩን ገፍቶ አምጥቶ ዳርቻውን ዘግቶታል። ውሃ አይታይም፤ ሐምራዊ አበባ ያፈካ ሜዳ ነው። ጀልባዎቹ መካከሉ ላይ ተቀርቅረው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የእኔን ወረቀት ትተው አንድ ተክል ነቀሉ። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ይዘው፣ በመርፌ የተጫረ የሚመስለውን ጠባሳ በጣታቸው አሳዩን። ቀጥለው ያበጠውን አገዳ በጥፍራቸው ሰነጠቁት፤ ውስጡ ነጭ ትል ይንቀሳቀሳል።

ነቀዝ ነው። «ጎተራ የሚጨርሰው ነቀዝ?» አለ አንዱ የባለ ጎተራ ልጅ። የእሱ ዘመድ ነው፤ እህል ግን አይነካም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ጠላቱንም ከዚያው አምጥተው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ላይ ለቀቁት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አረሙ በጣም ቀነሰ። ነቀዙ ነው የሚሉ አሉ፤ የ1997 እና የ1998ቱ እ.ኤ.አ. የኤል ኒኞ ዝናብ ነው የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ ተመልሶ መጥቷል፤ እግራችን ሥር ተዘርግቶ ነበር። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ እስከ ቀለበው ድረስ፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ መቆየት እስከ ቻለ ድረስ፣ ነቀዝ ብቻውን አይጨርሰውም።

ሽማግሌው እጃቸውን አጥበው ተራቸውን ጠየቁ። «በእናንተ ሐይቅ በየትኛው ወር ይመጣል? ምን ዓይነት ነፋስ ያመጣዋል? ከብት ይበላዋል?»

ልጆቼ ዝም። ቪክቶሪያ ወደ 68,800፣ ጣና ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንደሚሰፋ ያውቃሉ። የተክሉን የላቲን ስም ያውቃሉ። ወሩን አያውቁም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም እንደ ዶክተር ያለ መልስ ሰጠሁ፣ ጭጋግ።

ያኔ አንዲት የፎገራ ልጅ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት፣ መናገር ጀመረች። እንግሊዝኛው ሲያንሳት ወደ አማርኛ ገባች፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንሁ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሐይቁ ሜዳው ላይ ሲተኛ እምቦጩም አብሮ እንደሚወጣ፣ ውሃው ሲሸሽ እሱ እርሻው ላይ እንደሚቀር፣ አባቷ ጓያ ከመዝራቱ በፊት በእጁ ለቅሞ፣ ከምሮ፣ ሲደርቅ እንደሚያቃጥለው ነገረቻቸው። ከብት ሌላ ሲያጣ ይበላዋል፣ ሆዱን ግን ይነፋዋል አለች። ሽማግሌው የተቀመጡበትን በርጩማ ለቀው «እዚህ ተቀመጪ» አሏት። ጥያቄው ወደ ጀልባ ዞረ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ፎቶ ስታሳያቸው ሰዎቹ ተሰበሰቡ፤ ከጀርባቸው ያለው ረግረግ ሙሉ ደንገል ነው፣ ምንጣፍ ይሠሩበታል እንጂ አይቀዝፉበትም። «አይሰምጥም?» «ስንመለስ ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን፣ ይደርቃል።» ያን ቀን አስተማሪዋ እሷ ነበረች። ይህ ሁሉ ሲሆን የአንዱ ልጅ ደብተር ከእጁ ወድቆ እምቦጩ ሥር ገባ። ዓባይ የአቡነ ዘርዐ ብሩክን መጻሕፍት ሳያርስ መለሰ ይባላል፤ የእኛው ግን ጨቅይቶ ነው የወጣው።

ለጸሐፊው የምለው ይህን ነው። ጉዞዎቹ ይቅሩ አይበሉ፤ አገር ቤት የሚሠራው ሥራ ሳይሠራ አይሂዱ ይበሉ። ኮርሱን እንደገና ብመራ ከሴሚስተሩ ሁለቱን ወር እዚሁ አደርገዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ጣና ዳር አንድ ገበሬ ቤት ሳምንት ይቀመጣል፤ ወሩን፣ ነፋሱንና የከብቱን ሆድ ጽፎ ያመጣል። ያንን ያላመጣ አይሳፈርም። ለተማሪውም የራሱ የበጀት ርዕስ ይውጣለት፤ ያኔ የመምህሩን አበል የፈለገ ይቁጠረው።

ኪሱሙ የተቀበለን መምህር በተራው ተማሪዎቹን ይዞ ጣናንና ግሽ ዓባይን ማየት እንደሚፈልግ ጽፎልኛል። ስለ ክትባቱ ጠይቋል፤ መለስሁለት። ስለ ምግቡ ጠይቋል፤ ሽሮን በሁለት ገጽ አስረዳሁት። ሦስተኛው ጥያቄው መንገዱ ደህና ነው ወይ የሚል ነው። እሱን ገና አልመለስሁለትም።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ከጎጃም
(ስሜና አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ)