የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር

የመጽሔቱ ዝግጅት ኮሚቴ ለክበብ ተጠሪዎች ባደለን ቅጽ ላይ የተጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፤ የአባላት ብዛት፣ የቀረቡ ዝግጅቶች፣ ያጋጠሙ ችግሮች። ሁለቱን በአጭሩ ልገላገላቸው። ዘንድሮ 26 አባላት ነበሩን፤ 15ቱ ሴቶች ናቸው። ኅዳር 29 በብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ሰኔ ላይ ደግሞ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥተናል። በሚኒ ሚዲያም ሁለት ጊዜ ተጫውተናል፤ በሁለተኛው ጊዜ መብራት ጠፍቶ ፊት ከተሰለፉት ክፍሎች በቀር የሰማን የለም።

የቀረኝን ቦታ ሁሉ ለሦስተኛው ጥያቄ እሰጠዋለሁ። ያጋጠመን ችግር አንዲት ዩኩሌሌ ናት፤ ችግሩን ገዝቼ ያመጣሁትም እኔ ነኝ።

ዩኩሌሌ ለማያውቁ ወላጆች፦ ጊታር የምትመስል፣ ክንድ ላይ የምትታቀፍ፣ አራት ክር ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። ክሯ ናይሎን ስለሆነ የልጅ ጣት አትልጥም። ለክበባችን የመረጥኳት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ክሮቿ የሚቃኙት ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ነው። ትዝታ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች አራቱ፣ ጣት ሳይነካቸው፣ ባዶ ክር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ ማለት ነው። የቀረችው ሬ የዶ ክር ሁለተኛ ፍሬት (አንገቷ ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች ሁለተኛው) ላይ ትገኛለች። ክራር የለመደ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይግባባታል።

አምና ሰኔ ላይ ከመዋጮ የተጠራቀመ 4,000 ብር ነበረን። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ወንበርና ክራር የሚሠሩ አንድ አናጢ ዩኩሌሌም ጀምረዋል ተባለና ሄድኩ። አንዷን አነሣሁ። ቫርኒሿ ያበራል። ባዶ ክሮቿን መታሁ፤ ማር ናቸው። ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሸሚዝ ስገዛ እንኳ ከዚያ በላይ እቆያለሁ።

ጥቅምት ላይ መሣሪያዋን ለአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሰጠኋት፤ ክራር በደንብ የምትጫወት ልጅ ናት። ባዶ ክር ሲሆን ሁሉም ነገር መልካም ነው። ፍሬት ስትጫን ግን ድምፁ ይጎመዝዛል፤ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ይብሳል። እኔ ደግሞ መምህር ነኝና መፍትሔ አላጣሁም። «ጣትሽን ወደ ፍሬቱ አስጠጊ።» «ኧረ እንደሱ አትጫኚ።» «ጥፍርሽን ቁረጪ።» ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ቆየን። ታኅሣሥ ሲጋመስ «ቲቸር፣ እኔ ወደ ድራማ ክበብ ብሄድስ?» አለችኝ።

በማግስቱ ሐሙስ ግን ስልክ ላይ የሚሠራ መቃኛ ከወንድሟ አስጭና መጣች። «አቦ ቲቸር፣ አንዴ ይዩልኝ» አለች። የላን ክር ባዶውን መታችው፤ መርፌዋ መሐል ላይ ቆማ አረንጓዴ በራች። ከዚያ 12ኛውን ፍሬት ተጭና መታችው። እዚያ ላይ መውጣት ያለበት ያው ላ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ። መርፌዋ ግን በላና በሚቀጥለው ድምፅ መካከል ተንጠልጥላ ቀረች። ሌሎቹን ሦስት ክሮችም አሳየችኝ፤ ሁሉም በዚያው ልክ ያልፋሉ።

«ጣቴ አራቱም ክር ላይ እኩል ነው የሚሳሳተው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሒሳብ መምህራችን ከጎረቤት ክፍል ማስመሪያ ይዘው መጡ። ክሩ ከሚጠመጠምበት የእንጨቷ መቃኛ ወርዶ የሚያርፍባትን ቀጭን አጥንት ልጆቹ «ራስጌ»፣ ሆዷ ላይ የተለጠፈውን ብርኩማ «ግርጌ» ይሉታል፤ እኔም የተሻለ ስም ስለሌለኝ በዚያው ልጥራቸው። ከራስጌ እስከ 12ኛው ፍሬት 17.7 ሴንቲ ሜትር። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ግርጌ 16.8። 12ኛው ፍሬት ክሩን እኩል ለሁለት መክፈል ነበረበት፤ ኦክታቭ የሚገኘው ክሩ በግማሹ ሲያጥር ነውና። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጎድሏል።

ክበቡ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ችግር የለም ቲቸር፣ ጣቴ ግን ጠንክሯል» አለችና አሳቀችን።

ፍሬቶቹ ራሳቸው ተዛብተው ቢሆን ኖሮ መሣሪያዋ ለግድግዳ ጌጥ ነበር የምትቀረው። መምህሩ ግን በዚያው አላበቁም። 5ኛው ፍሬት ከራስጌ እስከ 12ኛው ባለው ርቀት ግማሽ ላይ፣ 7ኛው ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ላይ ግድም መዋል አለበት አሉ። ለካን፤ 8.9 እና 11.8፣ ትክክል ናቸው። ፍሬቶቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ያለ ቦታዋ የተቀመጠችው ግርጌ ናት። በዚህ ሳቢያ የሐሙሱ ልምምድ ቀርቶ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሆነ። ልጆቹ የክሩን ሙሉ ርዝመት የ17.7 እጥፍ፣ 35.4 ብለው፣ የፍሬት ቦታ ለሚሰላበት ቋሚ ቁጥር፣ ለ17.817 አካፈሉ፤ የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ 1.99 ሴንቲ ሜትር ላይ ወጣ። የተረፈውን ርዝመት ደግሞ እንደገና ለ17.817፣ እንዲህ እያሉ አሥራ ሁለት ጊዜ። የመጨረሻው ስሌት ልክ ግማሹ ላይ ሲያርፍ የተነሣውን ጩኸት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ድረስ ሰምተውታል፤ ደብዳቤም ደርሶኛል።

ወደ አናጢው ስንሄድ ይጣሉናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በራሳቸው የብረት ማስመሪያ ሁለት ጊዜ ለኩና ዝም አሉ። ኋላ ነገሩን ዘረዘሩት። ፍሬቶቹን የቀዱት አንድ ሰው ከውጭ ካመጣት ዩኩሌሌ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ። ግርጌዋን ግን ሆዷ ላይ «ለዓይን ደስ ያለኝ ቦታ» አስቀመጧት። «አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሚሠራው፤ በሚሊ ሜትር ነው ያሳደገኝ። ቢሰማ ያፍርብኝ ነበር» አሉ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ወዲህ በዚህ ከተማ ስንት ባለሙያ ከዚያ ወርክሾፕ እንደወጣ ለሚያውቅ፣ ይህ ቀላል ንግግር አይደለም።

ቢላ አሙቀው ብርኩማውን ከኮላው አላቀቁትና 11 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ወሰዱት። ዘጠኙ የስሕተቱ ነው። ሁለቱ ለጣት ነው፤ ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ያንን ለማካካስ ክሩ ከስሌቱ ጥቂት ይረዝማል። ስለዚህ ገዢ ሲለካ ከ12ኛው እስከ ግርጌ ያለው ከላይኛው እኩል ቢሆን ወይም ሁለት ሚሊ ቢበልጥ አይደንግጥ። ካነሰ ግን ይመልሳት። መሣሪያዋ ሞርሳ ውስጥ አድራ ወጣች፤ ብር አልተቀበሉንም።

ኮላው እስኪይዝ ስንጠብቅ የዩኩሌሌን ታሪክ ነገርኳቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1879 ከፖርቱጋል ማዴይራ ደሴት ሸንኮራ አገዳ ሊሠሩ ሃዋይ የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ ሦስቱ የእንጨት ባለሙያዎች ሆኑና የአገራቸውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ እዚያ መሥራት ጀመሩ። ስሟም በሃዋይ ቋንቋ «የምትዘል ቁንጫ» እንደ ማለት ነው ይባላል። ጋሼ ከሁሉም የወደዱት አናጢዎች መሆናቸውን ነው። ቁንጫዋን አልወደዷትም።

ሚያዝያ ላይ ለሁለተኛ ዩኩሌሌ ገንዘብ ሞላልን። ብቻዬን አልሄድኩም። ስድስት ልጆች፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ስልክ ይዘን በሁለት ባጃጅ ወረድን። ጋሼ ሦስት ሰቅለዋል። አንደኛዋ ጠርዟ በነጭና ጥቁር እንጨት የተሸለመች፣ ቫርኒሿ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። የልጆቹ ዓይን እሷ ላይ ቀረ። እውነቱን ለመናገር የእኔም።

በማስመሪያ ሦስቱም አለፉ። ቀጥሎ አናጢ ጣውላ ሲመርጥ እንደሚያደርገው አንድ ዓይን ጨፍኖ አንገቷን ከራስጌ በኩል ማየት ነው። አንዷ ላይ ቀኝና ግራ ጠርዟ እኩል አይወርድም፤ ተጠምዛለች። ጋሼ ራሳቸው አወረዷት፤ «ዋንዛው ሳይደርቅ ነው የቸኮልኩት» አሉ። በድሬ ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም። ያልደረቀ እንጨት እዚህ በሁለት ወር ይሸበሸባል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ መዳፍ ይቧጭራል። አንገቷን በመዳፍ ላይ ታች ማለት ብቻውን ብዙ ይናገራል። (በዚሁ አጋጣሚ፦ መሣሪያ ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ የሚተው አባል በሚቀጥለው ዓመት ከበሮ ብቻ ነው የሚሰጠው። ኮላ ይለሰልሳል ብያለሁ።)

ሁለት ቀሩ። ያቺ ልጅ ተቀመጠችና አራቱን ክር በአሥራ ሁለቱ ፍሬት፣ 48 ቦታ፣ አንድ በአንድ መታች። የተሸለመችው ላይ የላ ክር 5ኛው ፍሬት የ6ኛውን ድምፅ ሰጠ፤ 6ኛው ከጎረቤቶቹ ከፍ ስላለ ክሩ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህ በሞረድ የሚድን በሽታ ነው፤ ጋሼ ሞረዱን ሊያነሡ ብድግ ብለው ነበር። የማይድነው ሌላ ነው። አንድ ልጅ ሁለቱን ተራ በተራ ሆዳቸውን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ጌጥ የሌላት ተራዋ መለሰች፣ ድምፁ ውስጧ ዞሮ ወጣ። የተሸለመችው የቁም ሣጥን በር ነው ያሰማችው። በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ የክዳኑን ውፍረት ማየት ይቻላልና ለካን፦ ተራዋ ሁለት ሚሊ፣ የተሸለመችው አራት። ጌጡን ለመቅበር ክዳኑ ወፍሯል። አራት ሚሊ ኮምፔርሳቶ ደግሞ በቀጭን ናይሎን ክር አይንቀጠቀጥም፤ ክሩ ይደክማል እንጂ።

በስልክ መብራት የተራዋን ውስጥ አየን፣ ብርኩማው ሥር ወረቀት ለማስገባት ሞከርን፤ አልገባም፣ ጥሩ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ሦስት ሚሊ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ይሄም ይሄዳል። ራስጌዋን የምንፈትንበትን ዘዴ ደግሞ ጋሼ ናቸው ያሳዩን፦ 3ኛውን ፍሬት ተጭኖ 1ኛው ላይ ማየት። ክሩ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ይበቃዋል። ከዚያ ከራቀ ራስጌዋ አልተሞረደችም፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ሁሉ ከቅኝት ያልፋሉ።

መቃኛዎቹ ላይ ተጨቃጨቅን። ቃኘናት፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ወርዳለች። ልጆቹ «ትለቃለች፣ ይቅርባት» አሉ። አዲስ ናይሎን ግን ለቀናት ይሳባል፤ የወረደው ቅኝት የክሩ ይሁን የመቃኛው በጆሮ አይለይም። ጸሐፊያችን በእርሳስ መቃኛዋና እንጨቷ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር አሰመረች። እንደገና ቃኝተን መሥመሩን አደስን፣ ሁለተኛ ሻይ ታዘዘ። ስንመለስ ቅኝቷ ወርዷል፣ መሥመሩ ግን አልተሰበረም። ክሩ ነው። ገዛናት።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አሥራ ሁለቱን ፍሬት ያሰመሩባት የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ጋሼ ሱቅ ውስጥ፣ መጋዙ አጠገብ ተሰቅላለች። እሳቸው ናቸው የጠየቁን።

በወላጆች ቀን ያቺ ልጅ የተጫወተችው በአዲሷ አይደለም፤ በታረመችው ነው። ሆዷ ላይ የአሮጌው ኮላ ጠባሳ ከብርኩማው ፊት ለፊት ይታያል፤ ቫርኒሽ እንቀባው ስላት እምቢ ብላኛለች። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃ ከመድረክ ጀርባ መጡ፣ መሣሪያዋን ከእጇ ተቀብለው አንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቷን አዩ።

«ሚ ክር፣ ሦስተኛው ላይ ትንጫጫለች፤ አልሰማሽም የኔ ልጅ?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ፣ ማንም አያውቅም ብዬ ነው።»

ብብታቸው ሥር አድርገው ይዘዋት ሄዱ። ይህ ዘገባ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ እሳቸው ጋ ናት፤ በንብረት መዝገባችን ላይም «ጥገና ላይ» ተብላ ተመዝግባለች።