ይድረስ ለእህት ዓለሜ፦ ስለ ትንፋሽ ቆጠራና ስለ ነርስ ዓይን

ሰሜን ወሎ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እናታችንስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም። መጀመሪያ ጦርነቱ ስልኩንም መንገዱንም ዘጋው፤ ቀጥሎ ሥራው ፋታ ነሳኝ፤ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ዝምታው ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር። ኮሌጅ ማስተማር እንደጀመርሽና የመጀመሪያ ዓመት የነርስ ተማሪዎች እንደተሰጡሽ ከደሴ የመጣች ባልደረባችን ስትነግረኝ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ። የማደርስሽም አደራ አለኝ።

እባክሽን ትንፋሽ መቁጠርን አጥብቀሽ አስተምሪያቸው። የበሽተኞችን ካርድ ስታገላብጪ የደም ግፊቱ ይለያያል፣ የልብ ምቱ ይለያያል፤ ትንፋሹ ግን ከአልጋ እስከ አልጋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ 20 ነው። ሰው ሁሉ እንዴት እኩል ይተነፍሳል? የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 መሆኑን ተማሪ ሁሉ ለፈተና ይሸመድደዋል። ሕመም ሲከፋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናጋው ይኸው ቁጥር መሆኑ ግን በሽተኞች ክፍል ሲገቡ ይዘነጋል። የነርስ ሙያ ምሁሯ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን 14ቱን የሰው መሠረታዊ ፍላጎቶች ስትዘረዝር በአግባቡ መተንፈስን አንደኛ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ተማሪዎችሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆመው የበሽተኛውን ደረት ይዩ። በሽተኛው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ፣ የልብ ምት እንደሚቆጥሩ ሆነው የእጁን አንጓ ይያዙ።

ባለፈው ክረምት ያየሁትን ልንገርሽ። በቀዶ ሕክምና የወለደች አራስ ነበረች። ማምሻውን የደም ግፊቷ 118 በ70 ነበር፤ እኩለ ሌሊት ላይ 110 በ84 ሆነ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አልፏት ይሄዳል። ተረኛዋ ነርስ ገና ወጣት ናት፤ እሷ ግን አላለፈቻትም። የልብ ምቷ ከ88 ወደ 112፣ ትንፋሿ ከ18 ወደ 26 መውጣቱን አየች። ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሯን ዳሰሰች፤ ቀዝቅዟል። ጥፍሮቿ ሂና ስለተቀቡ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ገርጥቷል። ከታች የሚታይ ደም ብዙም የለም። አስታማሚዋ እናቷ «ልጄ ነፍሷ አልረጋ አለ፤ ትገላበጣለች» አሉ። ነርሷ ሐኪሙን ጠርታ «ደህና አልመሰለችኝም» ብቻ አላለችም፤ ለውጡን ከነሰዓቱ ነገረችው፤ «ሆድ ውስጥ እየደማች ይሆናል፤ አሁኑኑ ይምጡ» አለችው። መጣ። አራሷ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመለሰች፤ ደም ተሰጣት፤ ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይህን ለተማሪዎችሽ በደንብ አብራሪላቸው። ደም ሲጎድል የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ ልብም ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከአጠቃላዩ ደም 30 በመቶ ገደማ እስኪፈስ ድረስ የላይኛው የግፊት ቁጥር ላይወድቅ ይችላል። የላይኛውና የታችኛው ቁጥር መቀራረብ፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የመንፈስ አለመረጋጋት ቀድመው ይመጣሉ። ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ነርስ ዘግይቷል።

ቁጥር ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚነበበው። ግፊታቸው ዘወትር 170 በ100 የሆነ አዛውንት ዛሬ 110 በ70 ቢሆኑ መጽሐፉ ጤነኛ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ከአጠገባቸው አልርቅም። ጫት የቃመ ሰው የልብ ምቱም ግፊቱም ከፍ ይላል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ መጾሙን ሳይጠይቁ መድኃኒት መስጠት አደጋ አለው።

የእኛን የወሎን ሰው ጠባይም ታውቂዋለሽ። «እንዴት ነዎት?» ስትይው፣ ሕመሙ እያሰቃየውም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልሻል፤ አንቺኑ «አብሽሪ» ብሎ ሊያጽናናሽም ይችላል። ስለዚህ አጠያየቁን ይማሩት። «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ሽንት ቤት በራስዎ ሄዱ ወይስ ሰው ደገፈዎት? ከቁርሱ ምን ያህል በሉ?» የሚል ጥያቄ እውነቱን ያወጣል። አስታማሚዎችንም ይስሟቸው። የልጃቸውን መልክ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እናት ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. የወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈው ባዶ በቀሩ ጊዜ በእጃችን የቀረን ሰዓት፣ ጣት፣ ጆሮና የተማርነው ነበር። በዚያም ሰው አተረፍን። ዛሬ ማሽኑ ሲመለስ፣ ወጣቶቹ ከአልጋው ይልቅ ወደ ስክሪኑ ሲያዩ ልቤ ይፈራል። ማሽኑን አልጠላም፤ ይብዛልን። ግን እግር መቀዝቀዙን አይነግረኝም።

ተማሪዎችሽን ለተግባር ልምምድ ወደዚህ ብትልኪያቸው እኔው ራሴ እይዛቸዋለሁ። የሌሊት ተራም ይግቡ፤ ሌሊት ብዙ ያስተምራል። ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ግን ሁሉም ይዘው ይምጡ። መቼ እንደሚመቻችሁ ጻፊልኝና ከክፍሉ ኃላፊ ጋር አስቀድሜ እነጋገራለሁ።

ናፋቂ እህትሽ